ወተት የመሰለው ዘይት

ብረት ሠራተኛውን ስትሮክ ቀኝ ጎኑን ከመታው ወዲህ፣ ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጸው አሮጌ ቶርኖ ከቤቱ ጀርባ ባለችው የቆርቆሮ ክፍል ሸራ ለብሶ ቆሟል። ቤቱን የያዘችው ሚስቱ ናት፤ ልብስ እየሰፋች። የባሏ ምላስ ስለተሳሰረ፣ ከእሷ በቀር የሚናገረውን አጥርቶ የሚሰማው ሰው የለም።

አንድ ጠዋት የባሏ ታናሽ ወንድም መጣ። ወንድሙን እንደ ዓይኑ ብሌን የሚያይ ሰው ነውና ያመጣውን ወሬ እሱ ፊት ማንሳት ከብዶት በር ላይ ጠራት።

«እትዬ፣ አሮጌ ብረት የሚገዛ ሰው አግኝቻለሁ። ጋሼ ማሽኑን እያየ ከሚብሰለሰል ቢነሳለት አይሻልም?»

«እሱን ጠይቀኸዋል?»

«እንዴት ብዬ ልጠይቀው?»

«እንግዲያው እኔንም አትጠይቀኝ።»

እሱን ከሸኘች በኋላ ግን ስፌቱ አልገፋላት አለ። ተነስታ ሄዳ ሸራውን ገፈፈችው። ጣሪያው ሲያፈስ ከርሟል። ዘይቱ በሚታይባት ትንሽ ክብ መስታወት በኩል ብታይ፣ ወርቅማ መሆን የነበረበት ዘይት ነጥቶ ወተት መስሏል። ውኃ ገብቶበታል ማለት ነው። ባሏ ዘይት ሲቀይር ቁልፍ አቀብላው ታውቃለች፤ ቱታውን ስታጥብ ኖራለች። ራሷ ግን አንድ ቡሎን ፈትታ አታውቅም።

ባሏን ከነወንበሩ እየጎተተች አመጣችው።

«ዘይቱን ልቀይረው ነው። ስሳሳት ንገረኝ።»

«ተይው» አለ ቃሉን እየጎተተ፤ «አብቅቶለታል።»

«ለማን? ለእሱ ነው ለአንተ?»

ሳይወድ በግዱ ሳቀ፤ ባንድ ወገን ብቻ በሚታዘዝለት አፉ።

የማፍሰሻው ቡሎን ዝጎ ንቅንቅ አልል አለ። በቁልፉ እጀታ ላይ የቧንቧ ቁራጭ ሰካችና ባለ በሌለ ክብደቷ ተጫነችው። ቡሎኑ ሲጢጥ ብሎ ለቀቀ። መጀመሪያ ውኃ ወረደ፤ ተከትሎ የነጣው ዘይት እየተዝለገለገ ባልዲው ውስጥ ገባ። ከዚያ ውስጡን በነጭ ጋዝ አጠበችው። ልትወለውል ስትል ባሏ ጨርቁን አየና ራሱን ነቀነቀ።

«ክር ይለቃል።»

ክር የማይለቅ አሮጌ አንሶላ ቀደደች። እጇን በማሽኑ ጥርሶች መሀል ሰድዳ ከሥር ያገኘችውን የሚያብለጨልጭ ዝቃጭ በመዳፏ አወጣችለት። በደህናው እጁ ጣቶች መሀል አሸት አሸት አደረገው።

«ነሐስ ነው። የላመ ነው። ስንጥር ቢሆን ነበር የሚያስፈራው።»

ከታመመ ጀምሮ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ስለ ሕመሙ ነበር። ስለ ሙያው ሲጠየቅ ይህ የመጀመሪያው ነው። ጎንበስ ብላ መወልወሏን ቀጠለች።

ታናሽ ወንድሙ ተልኮ ዘይት ይዞ ሲመለስ ባሏ ጣሳውን ገና ከሩቅ አይቶ አጉረመረመ።

«ምን አለ?» አለ ወንድሙ።

«የመኪና ነው አለህ» አለች። «የመኪና ዘይት ቆሻሻውን ተሸክሞ ይዞራል፤ መኪናው ማጣሪያ ስላለው ይችለዋል። ይሄ የለውም። ቆሻሻውን ወደ ታች የሚጥል የማሽን ዘይት አምጣ።»

ወንድምየው የብረት ገዢውን ወሬ አላነሳም። ጣሳውን አንስቶ ተመልሶ ሄደ።

አዲሱን ዘይት እስከ መስታወቷ ወገብ ሞላችው። መብራት ከመልቀቋ በፊት ዘይቱ እላይ እንዲደርስ በእጇ ደጋግማ አዞረችው። ከዚያ አስነሳችው። ማሽኑ አጓራ። ሁለቱም ጆሯቸውን ቀስረው ጠበቁ። ቀስ በቀስ ድምፁ ረገበ፤ በትዳሯ ዘመን ሁሉ ከማድቤት ሆና ስትሰማው የኖረችው ድምፅ ሆነ።

«ብረት እሰሪበት» አለ ባሏ።

የዚያን ዕለት የቀረጸችው ብረት ጠማማ ነበር፤ የሚቀጥለውም እንደዚያው። እሱ ከወንበሩ ሆኖ አንድም ጊዜ አልተቆጣት። እሷም ጠዋት እየሰፋች ከሰዓት እየቀረጸች፣ የበር ማጠፊያ ስትል የጋሪ አክሰል፣ እጇ ተፈታ። የእሱ አንደበት ግን ጭራሽ እየከበደ ሄደና በመጨረሻ የሚያወሩት በጣትና በዓይን ሆነ። ሲሞት ዘመድ ሁሉ አሁንስ ማሽኑ ይሸጣል ብሎ ነበር።

በቅርቡ የባሏ ወንድም ከሰፈሩ ዳቦ ቤት የሊጥ ማቡኪያ የወጣ፣ የተበላ ዘንግ ታቅፎ መጣ። እሷ እጅጌዋን ሰብስባ የዘይቱን ቡሎን እየፈታች ነበር።

«እትዬ፣ ይሄ መቼ ይደርሳል?»

ዘንጉን ተቀብላ የተበላውን ቦታ በአውራ ጣቷ ዳሰሰች።

«ዘይቱን ልጨርስና» አለች፤ «ነገ ከሰዓት ና።»