የሳህኑ ሳንቲም

የወጣሁ ዕለት፣ ገና ሳይነጋ፣ አባ ደብረ ታቦር መናኸሪያ ድረስ ሸኙኝ። አባ የምላቸው አባቴን ነው። ገሳይ አጠገብ ባለች ገጠር የሚያገለግሉ ቄስ ስለሆኑ ልጆቻቸውም ምእመኑም በአንድ ስም ነው የምንጠራቸው። ብርዱ ከጉና ወርዶ አጥንት ይሰብራል። ሚኒባሱ ሊነሳ ሲል ከጋቢያቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈትተው አንድ እፍኝ ሳንቲም አስያዙኝ።

"መንገድ ላይ ጃንጥላ ዘርግተው ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ የሚለምኑ ታገኛለሽ። ሳትጥይ እንዳታልፊ" አሉኝ።

ከዚያም መስቀላቸውን አሳልመው መረቁኝ። አባ ሲመርቁ ቀስ ማለት አያውቁም። "እንደ ወጣሽ አትቅሪ! የሰው አገር እህል ውሃ ይስማማሽ! ሚካኤል በክንፉ ይጋርድሽ!" ሲሉ መናኸሪያው ሁሉ፣ ሻንጣ የሚጭነው ሳይቀር፣ "አሜን" አለ። እኔ አፍሬ እስከ ወረታ ፊቴን በነጠላ ሸፍኜ ሄድኩ። ሳንቲሙን ግን ባየሁት ጃንጥላ ሁሉ ጣልኩ።

ስለ ሱዳንና ስለ ሊቢያ አልጽፍም። ያለፈበት ያውቀዋል፤ ያላለፈበትን ደግሞ እንቅልፍ አልነሳውም። ባሕሩን የተሻገርኩት በዚያ ምርቃት ነው ብዬ አምናለሁ። ሳቁ፣ ግድ የለም። ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ስደውል፣ ስልኩ ሊዘጋ ሲል አባ ያንኑ ምርቃት በዚያው ድምፅ ይደግሙልኛል፤ ከአጥሩ ወዲያ ጎረቤት "አሜን" ሲል ይሰማኛል። እዚህ አገር ያቆመኝ እሱ ነው፣ ሌላ ነገር የለኝም።

አሁን ያለሁት ጀርመን ነው። አንድ ትልቅ የገበያ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ ሽንት ቤት አጸዳለሁ። ቶይሌተ ይሉታል። በሩ ላይ ነጭ ሳህን አለ፤ ሰው ሲወጣ የወደደውን ይጥልበታል። አለቃዬ ማታ መጥቶ ድፍን ዩሮውን ይለቅምና ዝርዝሩን "ትሪንክጌልድ ላንቺ" ብሎ ይተውልኛል። ጉርሻ ማለቱ ነው። ደመወዜ ለቤት ኪራይ ስለሚሄድ የምበላው ከዚያ ሳህን ነው። ከዚያው ቆጥቤ ለአባ ቤተ ክርስቲያን የመቅደስ መጋረጃ ማሰፊያ ልኬ ነበር። ለአባ "ጽዳት ነው የምሠራው" ብያቸው ነበር። ምኑን እንደማጸዳ አልጠየቁኝም።

እናንተ ዘንድ እኮ ዝርዝር ያለው ሰው ክቡር ነው! ባለሱቁ "መልስ የለኝም" ብሎ ማስቲካ ያሲዛችኋል፤ የሚኒባስ ረዳቱ "ዝርዝር ያላችሁ፣ በእናታችሁ" እያለ ይለማመጣል። እዚህ ዝርዝር ይዞ መምጣት ጭቃ በእግር ይዞ እንደ መግባት ነው። ባንክ ብወስደው ልጅቷ "ሳንቲም ለመቁጠር እናስከፍላለን" አለችኝ።

"ቆጥሬ ነው ያመጣሁት።"

"ያንቺን ቆጠራ ባንኩ አያምነውም።"

"እኔስ የእናንተን ለምን አምናለሁ?" አልኳት። ጀርመንኛዬ እስከዚያ ስለማይደርስ ግን በልቤ ነው ያልኩት። አከራዬም፣ ቀጭን ሽማግሌ ነው፣ የመብራቱን ሒሳብ በፌስታል ሳመጣለት ፌስታሉን በአንድ ጣቱ አንጠልጥሎ ዓይኑን አፈጠጠብኝ።

"ገንዘብ አይደለም እንዴ?" አልኩት።

"ገንዘብ ነው። ግን ይከብዳል።"

ገንዘብ ከበደኝ የሚል ሰው ያየሁት እዚህ ነው። መልሼ ይዤው ወጣሁ።

ስለዚህ የቀረኝ ሱቅ ነው። በዐቢይ ጾም አንድ ቀን ምስርና ዘይት ገዝቼ ሳንቲሜን በየዓይነቱ እየደረደርኩ ሳለ ገንዘብ ተቀባይዋ ሳቅ ብላ "አሳማሽን አረድሽው እንዴ?" አለችኝ። በጾም! አሳማ! "ናይን! ናይን!" ብዬ ጮህኩ፣ በእነሱ ቋንቋ አይደለም ማለቴ ነው፤ ሰልፈኛው ሁሉ ሳቀ። ለካ እነሱ ሳንቲም የሚያጠራቅሙት በአሳማ ቅርጽ በተሠራ ሸክላ ኖሯል፤ ሰብረው ሲያወጡት አረድነው ይላሉ። ዞር ስል ግን አንዲት ያልሳቀች ሴት ከኋላዬ ቆማለች። እትዬ ጥሩወርቅ ናቸው፤ የደብረ ታቦር ሰው፣ እዚህ ብዙ የኖሩ፣ የቤተ ክርስቲያናችን ገንዘብ ያዥ። የሚያዩት ፊቴን ሳይሆን እጄን ነው።

"ይህ ሁሉ ሳንቲም ከየት ነው፣ ልጄ?"

"ከሥራ ነው፣ እትዬ።"

"በሳንቲም የሚከፍል ምን ዓይነት ሥራ ነው?"

ከእሳቸው ኋላ ሌሎች ያገሬ ሰዎች ነበሩ፤ ሽንት ቤት የሚለው ቃል በአማርኛ ከአፌ አልወጣ አለ። ዘይቴን ይዤ ወጣሁ።

እኛ ዘንድ ሳንቲም በብዛት የሚገኘው የት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ወይ ከለማኝ ፊት ነው ወይ ከሙዳየ ምጽዋት። እኔ ደግሞ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹን ጠርጌ፣ ሙዳየ ምጽዋቱን ተሸክሜ ወደ ቢሮ የማስገባው ሰው ነኝ። በሚቀጥለው እሑድ ሳጥኑን ላነሳ ስል እትዬ ጥሩወርቅ እጃቸውን ጣል አደረጉበት። "አንቺ ሥራ በዝቶብሻል፣ ትንሽ እረፊ" አሉኝ። እኛ ስንጠራጠር እንኳ በትሕትና ነው። ነገሩ የገባኝ ግን ያን ዕለት አይደለም። ደግ ሴት ናቸው ብዬ አመሰገንኳቸው።

የገባኝ ስደውል ነው። አባ ስለ ገብሱ፣ ስለ ላሟ አወሩኝና "በይ ደህና ሁኚ" ብለው ዘጉት። ኔትወርክ ነው አልኩ። የዚያ ሰፈር ኔትወርክ ደግሞ እንደምታውቁት ነው። በሳምንቱም "በይ ደህና ሁኚ" ብቻ። ያን ጊዜ ታናሽ እህቴ ዘውዴ ጋ ደወልኩ።

"አባ ምን ሆነው ነው የማይመርቁኝ?"

"እታለም፣ እንዳታለቅሽ" አለችኝ። ይህን ስትል ማልቀስ ጀመርኩ። "ለመቅደሱ መጋረጃ የላክሽው ብር አልተነካ። 'ከቤተ ክርስቲያን ተሰርቆ ለቤተ ክርስቲያን አይገባም' ብለው ሳጥን ውስጥ ቆልፈውበታል።"

"ማን ሰረቀ?"

"ደብረ ታቦር ካለው ከእነ እትዬ ጥሩወርቅ ቤት ነው ወሬው የመጣ። ከሙዳየ ምጽዋት ትወስዳለች እያሉ ነው። አባ ላንቺ ሊናገሩ አፈሩ፤ እሑድ ትደውላለች ብለው ቅዳሜ ሌሊት ቆመው ነው የሚያድሩ።"

ተናደድኩ። እትዬ ጥሩወርቅን ሄጄ ጠጉራቸውን ብነጭ ደስ ይለኝ ነበር። ሲበርድልኝ ግን የባሰው መጣ። ሌባ አለመሆኔን በአንድ ቃል ማስረዳት እችላለሁ፤ ቃሏ ግን ያቺው ሽንት ቤት ነች። አባ ቄስ ናቸው። ልብሳቸው ላይ ውሃ ቢፈናጠቅ ከመቅደስ የሚቀሩ ሰው። መጋረጃው የሚሰቀለው ታቦቱ ፊት ነው። ሌባ ብሆን ንስሐ ይሰጡኛል፤ ለዚህኛው ምን ይሰጡኛል? ሳምንቱን ሙሉ ሳህኑን ሳጥብ ይህን ነበር የማስበው።

እሑድ ደወልኩ። ላሟ ሳትነሳ፣ ገብሱ ሳይነሳ፣ "አባ፣ የሰው ገንዘብ አልነካሁም" አልኳቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ምድር ቤቱን፣ መጥረጊያውን፣ በሩ ላይ ያለውን ሳህን። ከወዲያ የዶሮና የሰው ጨዋታ ድምፅ ብቻ ይሰማል።

"አባ?"

"አለሁ" አሉኝ። "ሰዉ ሲወጣ ነው የሚጥለው?"

"አዎ፣ አባ።"

"ሳታስገድጂው?"

"ሳላስገድደው። ሳይጥል የሚያልፍም አለ።"

"እንደ ጃንጥላው ነዋ" አሉ፤ ለእኔ ይሁን ለራሳቸው አላወቅኩም። "መጋረጃው ይሰፋል። ከማን ነው ቢሉኝ ከልጄ ነው እላለሁ።"

"ከምን ነው ቢሉዎትስ?"

በር ሲከፈት፣ እግራቸው ድንጋይ ሲረግጥ፣ የዘውዴና የጎረቤቶቹ ጨዋታ ወደ ኋላ ሲርቅ ሰማሁ። ከሰው ራቅ እያሉ ነበር። ከዚያ ስልኩን ወደ አፋቸው በጣም አስጠግተው ጀመሩ። "እንደ ወጣሽ አትቅሪ። የሰው አገር እህል ውሃ ይስማማሽ። ሚካኤል በክንፉ ይጋርድሽ።" አንድም አላጎደሉብኝም። ከአጥሩ ወዲያ ግን ማንም አሜን አላለም፤ ማንም እንዳይሰማ አድርገው ነበር የመረቁኝ።

"አሜን" አልኩ፣ እኔም ቀስ ብዬ።