ዓይኑን ከካሜራ መንቀል ያቃተው ሰው

ዱዌይን ሆልክም ዘፋኝ ነበር። ነበር ስል ለሽሙጥ አይደለም፤ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ አንድ ዘፈኑ ከካሊፎርኒያ እስከ ሜይን በየመኪናው ሬዲዮ ሲያላዝን ከርሟል። ፍሬዝኖ ውስጥ ማቀዝቀዣ የሚጠግን ሰው ልጅ ነው። የሙዚቃ ኩባንያው ጌቶች የአባቱን ስም አስጥለው፣ ጥርሱን አስነጥተው፣ ጸጉሩን የስንዴ ማሳ አስመስለው ለገበያ አወጡት። የፈጠራ ነጻነት ይሉታል እነሱ። ሰፊው ሕዝብም፣ ያ ዛሬ ነገ ይነቃል እየተባለ የሚጠበቀው ሕዝብ፣ ተሰልፎ ገዛው።

ብዙም ሳይቆይ ሌላ ልጅ፣ ሌላ ጥርስ ተገኘ። ዱዌይንን እንደ ሸንኮራ መጥጠው ጣሉት። ያን ጊዜ ነው ወደ ፊልም የዞረው። እኛ ዘንድ፣ የፊልም ሠፈር በሆነችው በርባንክ፣ ይህ እንደ ወግ ነው፤ ድምፁ የከዳው ሁሉ ፊቱን ይዞ ይመጣል።

ፊልም ውስጥ ተመርዞ፣ ከፎቅ ተወርውሮ፣ በሻርክ ተበልቶ ሞቷል፤ ሁልጊዜም ተመልካቹ ወንበሩን ሳያሞቅ። በከንቱ አልነበረም የሚገድሉት። በዘፈን ክሊፕ ያሳደጉት ሰዎች፣ ካሜራው ውስጥ አንዲት ልጅ አለች፣ ለእሷ ዝፈን፣ ዓይንህን ከዓይኗ እንዳትነቅል ብለው አስተምረውታል። ፊልም ላይ ደግሞ ካሜራውን ያየ ተዋናይ ሁሉን ነገር ያፈርሳል። ዱዌይን አፉን በከፈተ ቁጥር ዓይኑ ሳያስፈቅደው ወደዚያች ልጅ ይሄዳል። ሬሳ ግን ዓይኑን ይጨፍናል። ለዚህ ነው ሲገድሉት የኖሩት።

አርባን ካለፈ በኋላ፣ ተስፋ ሊቆርጥ ሲል፣ በሕይወት የሚቆይበት ሚና አገኘ። ከእስር የተፈታ ልጅ ነው፤ እናቱ በሩን ይዛ አላሳልፍም ስትል «እማ፣ ልግባ?» ይላታል። ጠዋቱን ሙሉ ሞከሩት። ሐዘኑም ድምፁም ደህና ነበር፤ «ልግባ» ሲል ግን ዓይኑ ሸርተት ይልና ለካሜራው ይስቃል። ዳይሬክተሯ ግሬቸን ትዕግሥቷ አለቀ። ከምሳ በኋላ አንድ ጊዜ እንደምትሞክረው፣ ካልሆነ ሌላ ተዋናይ እንደምትተካ ነገረችው። ተተኪው ያንኑ የእስረኛ ጃኬት ለብሶ ምግቡ ጠረጴዛ አጠገብ ሳንድዊች ይገምጥ ነበር። ፊልም ሠሪ ሐዘንን እንኳ ያለ መለዋወጫ አይዝም።

ዱዌይን ምሳ አልበላም። ጥግ ይዞ እንደተቀመጠ እናቱን የምትጫወተው ሎሬታ ፊንች መጣች። ዕድሜዋን በመድረክ ቴአትር የፈጀች፣ ምላሷ የሚልጥ የጆርጂያ አሮጊት ናት። ወንበር ስባ ተቀመጠችና መጀመሪያ የሾርባውን ጨው ረገመች። ከዚያ ወደ እሱ ዞረች።

«አንተ ልጅ፣ እዚያ የካሜራው መስታወት ውስጥ ማን አለችህ?»

«ማንም የለም፣ ሚስ ሎሬታ።»

«ትዋሻለህ። ለማንም እንደዚያ አይሳቅም።»

ቆይቶ ነገራት፤ ያችን ልጅ፣ ክሊፑን፣ ዓይንህን እንዳትነቅል የተባለውን ሁሉ። እስኪጨርስ ጠበቀችው እንጂ አላዘነችለትም።

«እና እስካሁን የምትወድህ ይመስልሃል?»

«ሌላ ማን ወዶኝ ያውቃል?»

«እሷማ ይኼኔ ወልዳ ከብዳ ጉልበቷን እያሸች ነው። ስማኝ የኔ ጌታ፤ ዓይንህ የሚቅበዘበዘው የሚወድህን ፍለጋ ነው። የሚለመነው ግን እንቢ ያለ ሰው ነው። እኔን እየኝ። እኔ አልወድህም።»

«ምንም?»

«ቅንጣት ታህል።»

ከምሳ በኋላ ሎሬታ በሩን በክንዷ ዘግታ ቆመች። ዱዌይን አያት። ትራራልኝ ይሆናል የሚያሰኝ ነገር ግንባሯ ላይ፣ ከንፈሯ ላይ፣ ዓይኗ ውስጥ ፈለገ። አጣ። «እማ፣ ልግባ?» አለ፤ ያ ሁሉ የዘፈነበት ድምፅ እንደዚያ ሆኖ ወጥቶለት አያውቅም። ስላልመለሰችለት ዓይኑን ከእሷ ማንሣት ፈራ።

ግሬቸን በቃ አለች። ማንም አላጨበጨበም። ሠራተኞቹ መብራቱን ነቅለው ቀጣዩ ቀረጻ ወዳለበት ወጥ ቤት ተሸክመው ሄዱ፤ አንዱ ኬብል እየጠቀለለ ስለ ትናንቱ የቤዝቦል ጨዋታ ያወራል። ዱዌይን ባለበት ደርቆ ቀረ። ጩኸት የለመደ ሰው ዝምታ ቅጣት ይመስለዋል።

«ተበላሸ?» ሲል ሎሬታን ጠየቃት።

«መብራቱን ወሰዱት እኮ፤ አይደገምም ማለት ነው። እዚህ ሥራ ላይ ከዚህ የበለጠ ምርቃት የለም። ሂድ እህል ቅመስ።»

ጠረጴዛው ጋ ሲደርስ ተተኪው ጃኬቱን አውልቆ ወንበር ላይ አንጠልጥሎታል። ጌቶቹ በአንድ ጃኬት ያፋጠጧቸው ሁለት ሠራተኞች ጎን ለጎን ቆሙ። ተተኪው የተረፈውን ሳንድዊች ወደ ዱዌይን ገፋ አድርጎ ሰናፍጩን አቀበለው።