በርበሬው ምን አጠፋ? ከአንዋር ሰፈር ሆስፒታል ደርሶ መልስ

ባለፈው ማክሰኞ ከአንዋር መስጊድ ጀርባ ካለው የቅመም ሱቄ ተነስቼ ሆስፒታል ሄድኩ። ምላሴ ላይ የወጣችው ቁስል ካንሰር ትሆን እንደሆነ ለመመርመር ነው። ጉዞው ከግማሽ ቀን ብዙም አልበለጠም፤ ግን መርካቶ ከገባሁ ወዲህ እንደዚህ የረዘመብኝ መንገድ የለም።

አስቀድሜ ስለ ምላሴ ልንገራችሁ፤ ጉራ ካላችሁትም በሉት። የማረቆን በርበሬ ከአላባው፣ የዘንድሮውን ከአምናው፣ ንጹሑን ደግሞ የሸክላ ዱቄት ከተቀላቀለበት በአንድ ቁንጥጫ እለያለሁ። ምላሴ ግራ ጠርዝ ላይ ጣል፣ ትንሽ ዝም፣ ከዚያ ፍርድ። ተሳስቼ አላውቅም። ባለ ሆቴሎቹ "እትዬ ዘይነባ ቀምሰውታል?" ሳይሉ አንድ ኪሎ አይገዙም።

ቁስሏም የወጣችው እዚያው ግራ ጠርዝ ላይ ነው። እኔም እንደ ማንኛውም የቅመም ነጋዴ በርበሬው ነው አልኩ። በእኛ የቅመም ሱቆች ረድፍ ምላስ ሲላጥ የሙያ ምልክት ነው፤ ማር ይቀባል፣ ይታለፋል። ከዚያ ረመዳን ገባ። ጾመኛ ነኝና ቀን አልቀምስም፤ ማታም አልጫ ብቻ በላሁ። ወሩን ሙሉ ካረፈች ትድናለች ብዬ ነበር። ኢድ ደረሰ፣ እሷ እዚያው አለች! በጣቴ ስነካት ጠጠር ብላለች፣ ጠርዟ ነጥቷል፣ ስውጥ እስከ ጆሮዬ ይወጋኛል። ክው አልኩ። ወር ሙሉ በርበሬ ካልነካት ታዲያ በርበሬው ምን አጠፋ? ይህን ማንም አልነገረኝም፤ ራሴ ነኝ የደረስኩበት፤ እኮራበታለሁ። አማኑኤል አካባቢ ያለ ጤና ጣቢያ ሄድኩ፤ እነሱም ወዲያው ወደ ትልቅ ሆስፒታል ሪፈር ጻፉልኝ።

ጠዋት አንድ ሰዓት

ለማንም ሳልናገር ልወጣ ነበር። ቀማሿ ምላሷን ታመመች ከተባለ ማን ይገዛኛል? ግን እርድና ዝንጅብል የምትሸጠው፣ ሃያ ዓመት ጎረቤቴ የሆነችው ብርቄ መንገድ ላይ ያዘችኝ።

"ወዴት ነው በጠዋት?"

"ዘመድ ጋ።"

"ሞኝሽን ፈልጊ! ከረመዳን በፊትም ከኢድ ወዲህም በቀኝ በኩል ስትቀምሺ አላየሁሽም?"

ነገርኳት። ወዲያው የሱቋን መዝጊያ ጎትታ ቆለፈች። ብርቄ እኮ በዓውደ ዓመት ዋዜማ እንኳ የማትዘጋ ሴት ናት!

እስከ ሰባተኛ ታክሲ ተራ በእግራችን ሄድን። ፍራሽ የተሸከሙት "መንገድ! መንገድ!" እያሉ ይገፉናል፣ አብሽ የጫነ ጋሪ መሀል ላይ ቆሟል። ታክሲ ያዝን፤ ረዳቱ ሃያ ሃያ ብር አለን፤ ብርቄ እስክንወርድ ተከራከረችው። እኔ ግን ከምላሴ ሌላ ምንም አላሰብኩም።

ሦስት ሰዓት ተኩል፣ ሆስፒታል

ወረፋው ረጅም ነው። ተራዬ ሲደርስ አንዲት ወጣት ሐኪም ጓንት አድርጋ ምላሴን ወደ ውጭ ሳብ፣ ወደ ጎን ገልበጥ አደረገችው፤ አንገቴንም ዳሰሰች።

"ከጀመረዎት ስንት ጊዜ ሆነ እናቴ?"

"ከረመዳን በፊት።"

"ሲጋራ? ጫት?"

"ውይ! በርበሬ ብቻ!"

ሳቀች። ከዚያ ኮስተር ብላ፣ "ሦስት ሳምንት ያለፈው የአፍ ቁስል ባያምም እንኳ መታየት አለበት። ካንሰር ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል፤ ናሙና ወስደን ሳንመረምር ማንም ሊነግርዎት አይችልም። ከዚህ በላይ ሳይቆዩ መምጣትዎ ጥሩ ነው" አለችኝ።

"በስመ አብ!" አለች ብርቄ። እኔም ፈራሁ፣ አልዋሽም።

"ምላሴን ልትቆርጡት ነው?"

"ዛሬ የምንወስደው ምስር የምታህል ብቻ ነው።"

ማደንዘዣ ወጉኝ፣ ቆረጡ፣ ሰፉ። ውጤቱ በአሥራ አምስት ቀን ይደርሳል፤ እስከዚያ የሚያቃጥል ነገር ክልክል ነው።

ስምንት ሰዓት፣ ረድፋችን

ስንመለስ አንድ የሆቴል ገዢ ናሙና በርበሬ ይዞ ሱቄ በር ላይ ቆሟል። "እትዬ፣ ይቺን ይቅመሱልኝ።"

ብርቄ "ጥርሷን ተነቅላ..." ብላ ስትጀምር እጇን ያዝኩ። በደነዘዘ አፌ፣ ረድፉ ሁሉ እየሰማ፣ "ምላሴ ላይ ቁስል አለ። ካንሰር ይሁን አይሁን እየተመረመረ ነው" አልኩ።

ሰውየው ፌስታሉን ወደ አፍንጫዬ አስጠጋና "እሺ፣ ያሽትቱልኝ" አለ። በመዳፌ አሸሁት፣ አሸተትኩት። "የአምና ነው፣ እርጥበት መትቶታል። እንዳትገዛ!" አልኩት። ፌስታሉን ቋጠረና "አልገዛም" ብሎ ሄደ። ደረቴን ነፋሁ!

ያን ጊዜ ከፊት ለፊታችን ቡና የሚሸጡት ጋሼ ሙዘይን ቀስ ብለው መጡ። "ዘይነባ፣ እስኪ የኔንም እዪልኝ" ብለው አፋቸውን ከፈቱ። ዘወትር ጫት የሚወጥሩበት ጉንጫቸው ውስጥ ነጭ ነገር ተለጥፏል።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"አራት ወር ይሆነዋል። ጫቱ ነው ብዬ..."

"እኔም በርበሬው ነው ብዬ ነበር። ነገ አንድ ሰዓት እዚህ ይጠብቁኝ፤ መንገዱን አውቀዋለሁ።"

ሱቄን ከፍቼ ተቀመጥኩ። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ይኸው ነው፤ ብደብቀው ኖሮ ጋሼ ሙዘይንም ይደብቁ ነበር። ሊሄዱ ሲሉ ዞር ብለው፣ "ያንቺስ? አንቺ እኮ ቀምሰሽ ታውቂያለሽ። ምን ይመስልሻል?" አሉኝ።

የሚመስለኝን አውቃለሁ፤ ደግ ነገር አይደለም።

"ጋሼ፣ በዚህ ምላስ ተሳስቼ አላውቅም" አልኳቸው። "ይቺን አንድ ጊዜ ግን ልሳሳት፤ በግ አርጄ ረድፉን በሙሉ አበላለሁ።"