በገዛ ቤቴ ላይ የፈረምኩት ፊርማ

ከዴንተን ከተማ ወጣ ብሎ ቤት ስገዛ ያማለለኝ ጸጥታው ነበር፤ ጥቂት ቤት፣ ሰፊ ሜዳ። የመንገዱና የውሃ መስመሩ ዕዳ በእኛ በጥቂቶቹ የቤት ታክስ ላይ እንደሚወድቅ የገባኝ ዘግይቶ ነው። በሦስተኛው ዓመት የመጣውን የታክስ ወረቀት ጭማሪ ሁለቴ ደመርኩት። ሌላ አንዴ እንደዚህ ከጨመረ ቤቱን መሸጤ ነው።

በዚያው ሰሞን ሜዳው ላይ አፓርትመንት ሊሠራ ነው ተባለ። ከቅዳሴ ስንወጣ ጎረቤቴ አባባ የተቃውሞ ወረቀት ዘረጉልኝ። በዕድሜ የገፉ ናቸው፤ መኪና ስለማይነዱ የማመላልሳቸው እኔ ነኝ።

«ሰው ሲበዛ ታክስ ይበዛል። ፈርሚ፣ ልጄ።»

የመብራት ቢል እንኳ ሁለቴ ሳላነብ አልከፍልም። ሽማግሌ ቆሞ እየጠበቀኝ ማንበብ ግን ነውር መሰለኝና ሳይን አደረግኩ።

ቤት ገብቼ የከተማው ምክር ቤት ለስብሰባ የጠራበትን ማስታወቂያ አነበብኩ። ለካ ነገሩ ተቃራኒው ነው፤ አዲስ ነዋሪ ሲመጣ ያው ዕዳ ለብዙ ይካፈላል፣ የእኔም ድርሻ ይቀላል። ሦስት ቀን ጸለይኩ። እውነቱን ለመናገር፣ የለመንኩት ድፍረት እንዲሰጠኝ አይደለም፤ ስብሰባው እንዲሰረዝልኝ ነው።

አልተሰረዘም። አባባን ይዤ ሄድኩ። ሐሳቤን መለወጤን ግን አልነገርኳቸውም። ስሜ ከተቃዋሚዎቹ ጋር ሲነበብ ከንቲባው ፊት ተነሣሁ።

«ስሜን አውጡልኝ፤ ተሳስቼ ነው። በእኛ አገር ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል።»

ሎሚው በእንግሊዝኛ ሲነገር የምክር ቤቱን አባላት ምን ያህል እንደገባቸው እንጃ። አባባ ወለል ወለሉን ያያሉ። አፓርትመንቱ በአንድ ድምፅ ብልጫ ተፈቀደ።

ወጥተን መኪናው ጋ ስንደርስ፣ ሁልጊዜ ከፊት የሚቀመጡት አባባ የኋላውን በር ከፍተው ገቡ።

«ዛሬ ታክሲ ነኝ ማለት ነው?» አልኩ።

አልሳቁም። «ቤቴ መጥተሽ አትነግሪኝም ነበር? በሰው ፊት?»

«ፈራሁዎት።»

«ከንቲባውን ሳትፈሪ እኔን?»

«ታክሱ እንደገና ቢጨምር ቤቱን ልሸጥ ነበር፣ አባባ። ጋርላንድ ከተማ፣ እህቴ ጋ ልገባ።»

በመስታወቱ አያቸዋለሁ፤ ፊታቸው አልተፈታም።

«ጋርላንድ ሆነሽ እኔን ለቅዳሴ ማን ሊያደርሰኝ ነበር?» አሉ፣ እንደተቆጡ።

«ቀበቶዎን ይታጠቁ» ብያቸው መኪናውን አስነሣሁ።