ተነፍቶና ተለቅሞ የመጣ አፈር

ሥራዬ የአፈርን ትንፋሽ መለካት ነበር። ሰው ሲጠይቀኝ እንዲህ ብዬ ስመልስ መጀመሪያ ፈገግ ይላል፤ ቀጥሎ ያሾፍኩበት ይመስለውና ይቀየመኛል። ነገሩ ግን እውነት ነው። አፈር ውስጥ በዓይን የማይታዩ ፍጥረታት አሉ፤ ይበላሉ፣ ይራባሉ፣ ይተነፍሳሉ። እኔ ደቂቆቹ እላቸዋለሁ። እርጥብ አፈር ብልቃጥ ውስጥ ጨምረው ግጥም አድርገው ሲከድኑት ትንፋሻቸው እዚያው ይጠራቀማል። ብዙ ከተነፈሱ አፈሩ በደህና ነው፤ ጥቂት ከተነፈሱ ደክሟል። ኮሮና የሚባል ነገር ገና ባልተሰማበት ዘመን፣ አምቦ ሁለተኛ ዲግሪዬን ስማር ውሎዬ ይኸው ነበር።

አብረውኝ የሚማሩት ብልሆች ነበሩ። ጠዋት ሚኒባስ ተሳፍረው ጊንጪ ይወርዳሉ፣ ከስንዴ ማሳ ጥቁር አፈር ይዘው ለምሳ ይመለሳሉ። እኔ ግን ያደግሁት ፎገራ፣ ጣና ዳር፣ ሩዝ ውስጥ ነው። ግትርም ነኝ። ስለዚህ አምቦ ተቀምጬ፣ በዓመት በዓመቱ ሩዝ ብቻ የተዘራበት፣ ክረምቱን ሙሉ ውኃ የተኛበት ማሳ ደቂቆቹን ምን እንደሚያደርጋቸው አጠናለሁ አልኩ።

ግትርነት ብቻ አልነበረም። ታናሽ ወንድሜ ሊያገባ ነው። አባቴ ሜዳ ላይ ያለውን የሩዝ መሬት ለጎጆ መውጫው ሊሰጠው በሽማግሌዎች ፊት ቃል ገብቷል። መሬቱ ግን ማዳበሪያ ቢጨመርለትም ባይጨመርለትም ምርቱ እያነሰ መጥቷል። አባቴ አንድ ቀን በስልክ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እንደው አንቺ ተምረሻል፤ ይች መሬት አንድ ጎጆ ትችላለች?» አለኝ። ለልጁ ባዶ መሬት ማስረከብ አልፈለገም፤ ቃሉን ማጠፍም አይሆንለትም። እኔም አፈሩን ላክልኝና እነግርሃለሁ አልኩት። ከማሳው ከዚህም ከዚያም ቆፍረህ፣ እንዳለ፣ እርጥቡን ፌስታል ውስጥ ቋጥረህ አልኩት። አማርኛ ነው የተናገርኩት።

የመጣው አፋፉ በመርፌ የተሰፋ ከረጢት ነው። ብፈታው አፈሩ ደቅቋል፤ ጠጠር የለው፣ ሥር የለው፣ ቅጠል የለው። ፀሐይ ሞቆ፣ ተለቅሞ፣ በወንፊት ተነፍቶ ነው የመጣው። እኛ አገር ከተማ ላለ ልጅ እህል ሲላክ ሳይበጠርና ሳይለቀም አይላክም፤ ሳይለቅም የላከ ቤት ስሙ በክፉ ይነሳል። አባቴ አፈር የሚለይበት ምክንያት አልታየውም። እናቴ ደግሞ አጋጣሚውን ተጠቅማ ሽሮ ጎን ለጎን አስገብታለች። የቤት አከራዬ፣ አማርኛን ከኦሮምኛ ቀላቅለው የሚናገሩ እናት፣ ጤና ጣቢያ የሚሠሩ ነርስ ናቸው፣ ሁለቱን ቋጠሮ በየተራ አሸተቱና፣ «ማሎ፣ እባክሽ፣ የትኛው ነው የሚበላው?» አሉኝ። የምራቸውን ነበር።

ተናደድኩ። ከንዴቴ ስበርድ ግን ያለኝ አፈር ያ ብቻ ነበርና አርጥቤ ብልቃጥ ውስጥ ከደንኩት። አይ አተነፋፈስ! ዳገት እንደወጣ ሰው ነበር የሚያለከልከው። አማካሪዬ ውጤቱን ሁለት ጊዜ አዩት፤ መነጽራቸውንም ጠረጉ። «ይኼ ዘመኑን ሙሉ ሩዝ የተዘራበት ነው?» አሉኝ። «አዎ ዶክተር» አልኩ ደረቴን ነፍቼ። የዓለምን ሳይንስ የሚገለብጥ መሬት አባቴ ግቢ ተገኘ! ወዲያው ደውዬ ላበስረው ስልኬን ሳወጣ፣ «ተረጋጊ፣ ይደገም» አሉኝ። ቅር እያለኝ ተረጋጋሁ።

የተረፈችውን አፈር በሲኒ አድርጌ፣ ውኃ ጠብ አድርጌባት፣ ክፍሌ መስኮት ላይ አስቀምጫት ነበር። ከጥቂት ቀናት በኋላ አከራዬ በመስኮቱ በኩል ሲያልፉ ቆሙ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ይሄ አፈር የሩዝ ነው አላልሽም?»

«አዎ አዴ።»

«ታዲያ ምነው ጎመን አበቀለ?»

እውነትም ጎመን ነው። ፍሬው ከወንፊቱ ሾልኮ፣ ከአባቴም ዓይን ሾልኮ አምቦ ድረስ መጥቷል። ጎመን ደግሞ ውኃ የተኛበት የሩዝ ማሳ ውስጥ ምን ያደርጋል? ጎመን ያለው ጓሯችን ነው፤ ፍግ የሚደፋበት፣ አመድ የሚበተንበት፣ ዶሮ የሚጭረው ጓሮ። አከራዬ ነገሩ ሲገባቸው ግድግዳ ተደግፈው ሳቁ። «እኛም ጋ ይመጣሉ» አሉ፤ «ውጤቱን የሚፈራ ሰው የጎረቤቱን ሽንት ይዞ ይመጣል!»

ደወልኩ። «አባዬ፣ ይኼን አፈር ከየት ነው የቆፈርከው?»

«ከጓሮ ነዋ።»

«የሩዙን አላልኩህም?»

«ታዲያ ያን የገረጣ፣ የሚሸት ነገር ልኬ በመምህሮችሽ ፊት ላዋርድሽ? አንቺስ ፎቶ ስትነሺ ፊትሽን ሳትታጠቢ ነው?» አለኝ። ከዚያ ድምፁ ወረደ። «ደህና ናት ስትይኝ መስማት አምሮኝም ይሆናል» አለ። ቁጣዬን ትቼ፣ «እንግዲያ አሁን የሩዙን ላክልኝ» አልኩት።

ራሱ ይዞት መጣ። በፌስታል ላይ ፌስታል ደራርቦ፣ እንዳለ እርጥቡን። ውኃ አዝሎ የኖረ አፈር የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። ከአዲስ አበባ አምቦ ድረስ ተሳፋሪው መስኮት ሲከፍትና ጎረቤቱን ሲገላምጥ እንደመጣ ነገረኝ። «አንተስ?» ስለው፣ «እኔም አብሬ አገላምጥ ነበር፤ ምን ላድርግ?» አለኝ። ጊንጪ ላይ ያየውን ጥቁር አፈር ግን አልረሳም፤ እንዲህ ያለ መሬት ያለው ሰው በምን ይጨነቃል ብሎ ሲቀና አመሸ። አከራዬ «አካም ጅርቱ፣ አባ?» ሲሉት ቃሉን ባያውቀውም ከወንበሩ ተነስቶ እጅ እየነሳ «እግዚአብሔር ይመስገን» አላቸው። ተግባቡ።

ጭቃውን አሳየሁት። ጫን ሲሉት አረፋ ይተፋል። ውኃ ሲተኛበት አየር እንደሚያልቅ፣ አየር የሚፈልጉት ደቂቆች እንደሚያልቁ ወይም እንደሚተኙ፣ ያለ አየር የሚኖሩት ደግሞ ቤቱን እንደሚወርሱት፣ ሽታውና አረፋውም የነሱ ሥራ እንደሆነ አስረዳሁት። አከራዬ ከኋላችን ቆመው፣ «ያ ዋቃዮ! አምቦ የገባ ሁሉ ጋዝ ይሠራል ማለት ነው?» አሉ። አባቴ ከልቡ ሳቀ። ያን ዕለት የሳቀው ያኔ ብቻ ነው።

ውጤቱ የደረሰ ቀን አባቴን ላቦራቶሪ ይዤው ገባሁ። ሐኪም ቤት በረንዳ ላይ እንደሚጠብቅ አስታማሚ ባርኔጣውን አውልቆ አጠገቡ አስቀምጦ፣ እጁን አጣምሮ ተቀመጠ። አንድ ጊዜ መዋሸት አምሮኝ ነበር፤ አልዋሸሁም።

«አልሞተችም» አልኩት፤ «ግን በጣም ደክማለች። እህሉንም ገለባውንም አጭደን እንወስዳለን፤ ጓያ መዝራቱንም ትተሃል። ለደቂቆቹ የሚቀር ምግብ የለም። አሁን አንድ ጎጆ አትችልም አባዬ።»

ብልቃጧን ብዙ አያት።

«እንግዲያ ለልጁ የጓሮውን እሰጠዋለሁ» አለ።

«የጓሮው እኮ የእናንተ ጉርስ ነው! ቃልህስ?»

«ቃሌ ጎጆ የሚችል መሬት ነው። ጎጆ የሚችለው እሱ ነው። ይችን እኔ አስታምማታለሁ፤ ያደከምኋት እኔ ነኝ።» ቀና ብሎ አየኝ። «ለመሆኑ የታመመ አፈር ምን ይበላል?»

«ፍግ ይበላል። ጓያና ሽምብራ እያፈራረቅህ ትዘራበታለህ። ገለባውንም ትተውለታለህ።»

«ገለባውንም?»

«ገለባውንም።»

«ላሞቹን አንቺ ታስረጃቸዋለሽ» አለኝ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «እስክትድን ስንት ክረምት ይፈጅባታል?» አለ።

መልሱን አውቀው ነበር። የሱንም ዕድሜ አውቃለሁ። ሁለቱን በልቤ ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው።

«ብዙ» አልኩት።

እስከ እሑድ ሊቆይ ነበር የመጣው።

«ብዙ ከሆነ ታዲያ ምን ያስቀምጠኛል?» አለና ባርኔጣውን አንስቶ ተነሳ።