ቦቃው በሬ በየሉካንዳው

ገሱባ ውስጥ በአንድ ሉካንዳ ግድግዳ ላይ የሣልኩት በሬ የአባቴ ነበር። ለወላይታ ዘመን መለወጫ ለጊፋታ ቤት ውስጥ አስሮ ያደለበው፣ አንድ ቀንዱ ወደ ታች የጎበጠ ቦቃ። ከታረደ በኋላ ናፍቆኝ ነው የሣልኩት። ያኔ ሶዶ ላይ ከአንድ የሠፈሬ ልጅ ጋር ታፔላ ቤት ከፍተን ነበር፤ እሱ ፊደሉን ይጽፋል፣ እኔ ሥዕሉን እሠራለሁ።

አንድ ቀን አዲስ አበባ ሄጄ ሥነ ጥበብ ልማር ነው አለኝ። እኔስ ብሞክር ብዬ ስጠይቀው ሳቀ።

«ያንቺ ለገበያ ነው። ሥጋ ይሸጥበታል እንጂ ማን ቆሞ ያየዋል?»

ደንበኛ ፊት ነው ያለኝ።

ከዓመታት በኋላ ቀለም ልገዛ አዲስ አበባ ሄጄ፣ ጊዜ ቢተርፈኝ ሙዚየም ገባሁ። ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን እንደገባ ድምፁን ዝቅ አድርጓል። መጨረሻው ክፍል ውስጥ የአባቴ በሬ ቆሟል። ግንባሩ፣ ቀንዱ፣ እኔ በስሕተት ያሳጠርኩት የኋላ እግር ሳይቀር። ከሥሩ የዚያ ልጅ ስም አለ፤ «ከምናብ የተሣለ» ይላል። አጠገቤ አንዲት ሴት ለጓደኛዋ ሠዓሊው የገጠሩን ነፍስ እንዴት እንደያዘው ታስረዳለች። ከእኔው በምን እንደሚለይ አፍጥጬ ፈለግሁ። ከፍሬሙና ከመብራቱ ሌላ ያገኘሁት የለም። ገሱባም እኮ የገበያ ሰው ሸክሙን አውርዶ ያየው ነበር። ለጥበቃው ልናገር አሰብኩና ተውኩት። ማን ያምነኛል?

ከዚያ ወዲህ ታፔላ ላሠራ ላለ ባለሉካንዳ ሁሉ ሌላ በሬ አልሣልኩም። ሶዶም፣ ቢጠናም፣ ሃላሌም ያው ቦቃ ቆመ። አንዱ ጥቁር ይሁንልኝ ቢለኝ፣ ቦቃው ገበያ ይጠራል ብዬ አሳመንኩት።

በጊፋታ ልጁ ሥዕል የሚገዙ እንግዶች ይዞ አገሩን ሊያሳይ መጣ። የሆነውን በኋላ ሰዎች ነገሩኝ። ሶዶ ላይ እንግዶቹ ሥዕልህን ቀዱብህ ብለው ሳቁ። ገሱባ ሲደርሱ ግን አሮጌው ግድግዳ ቀለሙ ተላልጦ አገኙት። መቼ ተሣለ ብለው ቢጠይቁ፣ ባለሉካንዳው ልጁ ለትምህርት ከመሄዱ በፊት መሆኑን፣ የማን ልጅ እንደሣለችው፣ በሬውም የማን እንደነበር አንድ በአንድ አጫወታቸው። ከዚያ በኋላ የሳቀ አልነበረም።

በማግሥቱ ልጁ ታፔላ ቤቴ መጣ። በየሉካንዳው ያለውን ቦቃ ሁሉ እንዳጠፋለት ለመነኝ።

«ሥዕሌን የሉካንዳ ታፔላ አደረግሽው» አለኝ።

«አንተ ታፔላዬን ሥዕል ስታደርገው ጠይቀኸኛል?»

ስምሽን ከሥሩ ላስጽፍልሽ አለ። ስም አልፈልግም፣ የአባቴን በሬ ከሙዚየሙ ግድግዳ አውርድልኝ አልኩት። ብሩሼን አንሥቼ ሥራዬን ቀጠልኩ፤ እሱም ወጣ። ቆይቶ ሥዕሉ መውረዱን ሰማሁ።

እኅቴ በቀል የእግዚአብሔር ነው ብላ ገሠጸችኝ። ጸጸት ግን ውስጤን ብፈልግ ብፈልግ አጣሁት።