ትንሽ ደክሟታል

ካይሮ ውስጥ፣ በሹብራ ሰፈራችን ዜና አለቀ የሚባለው ኡስታ ሺሃታ ከፈታው በኋላ ነው። ኡስታ የምንለው እጁ ሥራ የሚያውቅን ሰው ሁሉ ነው፤ እሱ ፀጉር አስተካካይ ነው። የእኔ የፋውዚ ልብስ መተኮሻ ቤት ከእሱ ሱቅ ጋር በአንድ በር ይገናኛል። እኔ የሰው ሸሚዝ ስተኩስ፣ እሱ የሰው አገጭ ሲላጭ፣ መሃላችን ያለችው ቴሌቪዥን ታወራለች፤ እሱ ይመልስላታል።

ለሺሃታ እንዲሁ የሆነ ነገር የለም። ስኳር ከሱቅ በጠፋበት ሳምንት የአንዲት ዘፋኝ ፍቺ የሰዉን ስልክ ሁሉ አጥለቀለቀው። እሱ ምላጩን ወደ ቴሌቪዥኗ ቀስሮ፣ ሴትዮዋ የተፋታችው ስለ ስኳር እንዳናወራ ነው አለ። ፓውንድ ወረደ ሲባል፣ ከመውረዱ በፊት ዶላር የገዛው ማን እንደሆነ ይጠይቃል። የስልክ ኩባንያ ነፃ ኢንተርኔት ሰጠ በተባለ ቀን ሲሙን ነቅሎ የሳሙና ዕቃ ውስጥ ከደነው። ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር ይባል የለ? እሱ ግን ስንጥሩን ሲፈልግ ገንፎው ይበርድበታል። ምላጭ ጉሮሮው ላይ ያለ ደንበኛ ደግሞ አይከራከርም። የሚያናድደኝ፣ ብዙ ጊዜ ልክ መሆኑ ነው። ሽንኩርት ይረክሳል ብለው ባወጁ ጊዜ እሱ ብቻ በጆንያ ገዛ፤ እኛ ሳቅንበት፤ በኋላ እሱኑ ስንለምን ከረምን።

በዚያ ሰሞን ቴሌቪዥኗ አዲስ ነገር ይዛ መጣች። ማሽን የሰውን ድምፅ ጥቂት ከሰማ በዚያው ድምፅ የፈለገውን ይናገራል አለች። ብዙም ሳይቆይ ማዶ ያለው ዓሣ ነጋዴ፣ ኩዌት ያለው ልጁ ታሰርኩ ብሎ ሲያለቅስ በስልክ ሰማና ያለውን ሁሉ ላከ፤ ልጁ ግን በሰላም ሥራው ላይ ነበር። ሺሃታ አዘነለትም፣ አላልኳችሁም ብሎ ደስም አለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንበሩ ላይ የተቀመጠውን ሁሉ፣ የወለደችህም ብትደውል አትመን እያለ ይመክር ጀመር።

አንድ ረፋድ ላይ ከማያውቀው ቁጥር የድምፅ መልእክት ገባለት። ድምፁ ሚንያ ገጠር ከእናታቸው ጋር የሚኖረው የወንድሙ የባድራን ነው።

«ሺሃታ፣ እማ እየሞተች ነው። ተነስና ና፣ አሁኑኑ።»

እኔ ካውያዬን አስቀመጥኩ። ሺሃታ ግን ደጋግሞ ከፈተውና ፈገግ አለ።

«ከኋላ የሚያጉረመርመውን ሰማኸው? ማሽኑ ነው። ደግሞስ ፋውዚ፣ አንተው ፍረድ፣ የእኛ ሰው እንዲህ ብሎ ያውቃል?»

እውነት ለመናገር፣ አይልም። የሚንያ ሰው ሞትን በስልክ አይጠራም። ነፍሱ የወጣችውን እንኳ ትንሽ ደክሞታል ነው የሚለው፤ መርዶው ቤት ሲደርሱ ይጠብቃል። የሺሃታ አባት ያረፉ ጊዜ የተደወለው፣ አባባ ትንሽ ደክሞታል፣ ናፍቀኸዋል፣ ቀስ ብለህ ና ተብሎ ነው። ያኔውኑ ገብቶት እያለቀሰ ነው የተሳፈረው።

«ይሄን የሠራው ገጠርን በድራማ ያየ ሰው ነው» አለ።

ወደ ባድራን ቁጥር ደወለ፤ ዝግ ነው። ይህንንም ማስረጃ አደረገው። ከዚያ የዘወትር ጥያቄውን አመጣ፤ ሱቄን ዘግቼ ብሄድ የሚጠቀመው ማን ነው? የሕንፃው ባለቤት ሊያስለቅቀው ከፈለገ ቆይቷል፤ ስለዚህ ነገሩ ሁሉ ገጠመለት። የቀትሩን ባቡር ያዝ፣ ውሸት ከሆነም እናትህን ስመህ ትመጣለህ፣ ምን ይጎድልብሃል አልኩት። ስመለስ ቁልፉ ተቀይሮ ይጠብቀኛል ብሎኝ ወደ ደንበኛው ዞረ። በጣም ተናደድኩበት። ሰው ለእናቱ ሲል አንድ ቀን ቢሞኝ ምን አለበት?

ቀትር አለፈ፤ ባቡሩም ሄደ። ሺሃታ የዓሣ ነጋዴውን ጢም እየከረከመ ሳለ ከዚያው ቁጥር ሌላ መልእክት ገባ። ያው የባድራን ድምፅ ነው፤ አሁን ግን ረጋ ብሏል።

«ሺሃታ፣ እማ ትንሽ ደክሟታል። ናፍቀሃታል። ቀስ ብለህ ና።»

ይሄኛውን ሁለተኛ አልከፈተውም። ማን ላከው አላለም፤ ማን ይጠቀማል አላለም። መቀሱን መስታወቱ ሥር አኖረ፤ ዓሣ ነጋዴውን በግማሽ ጢሙ ትቶ፣ ነጭ ጋዋኑን እንደለበሰ ወጣ። ሱቁን የቆለፍኩለት እኔ ነኝ።

ሲደርስ እናቱ ተቀብረዋል። ከለቅሶ ተመልሶ እንደነገረኝ፣ የባድራን ስልክ ተበላሽቶ በጎረቤት ስልክ ነበር የላከው። ባድራን ወንድሙን አልወቀሰውም፤ አላቀሰውና ያለው ይህን ብቻ ነው።

«እንደ ወጉ ደክሟታል ብልህ፣ አልቆላታል ብለህ ቀስ ብለህ ትመጣ ነበር። በሕይወት ሳለች እንድትደርስባት ነው በአፌ የማይባለውን ያልኩት።»

አሁን ቴሌቪዥኗ ብቻዋን ታወራለች። ዓሣ ነጋዴው ሊያጫውተው ብሎ፣ ስለ ዶላሩ ምን ትላለህ ኡስታ ቢለው፣ እኔ ምን አውቄ ብሎ ምላጩን ይስላል። ያ ሁሉ ጥርጣሬው በስንት ጣዕሙ።

ደንበኛ ሲጠፋ የመጀመሪያውን መልእክት ይከፍታል። ትናንት ጠራኝና ስልኩን ጆሮዬ ላይ አስጠጋልኝ። ያ ማሽን ነው ያለው ማጉረምረም ከባድራን ድምፅ ኋላ አለ። ልብ ብለው ሲሰሙት የአሮጊት ድምፅ ነው።

«ሺሃታ መጣ?» ነው የሚሉት።